የዓርብ ማታ ቲፎዞ፦ የአሜሪካ ሃይስኩል ፉትቦል ደጋፊነት፣ ባላንጣነትና የዘጋቢው ቦታ

መግቢያ

መቼም ስለ ቲፎዞ ሲነሳ የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ትልልቅ ክለቦች ነው። ጊዮርጊስና ቡና፣ አርሴናልና ማንቸስተር እየተባለ ሻይ ቤት ውስጥ ሲያከራክረን ይውላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ቲፎዞ ግን ከዚህ ለየት ይላል። ተጫዋቾቹ ደሞዝተኞች አይደሉም። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆነ፣ ቀን ክፍል ገብተው ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ዓርብ ማታ ሜዳ ሲገቡ ግማሽ ከተማ ስታዲየም ውስጥ ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል። ይህ የአሜሪካ የሃይስኩል ፉትቦል ነው።

ርዕሱን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ደጋፊነት ምን እንደሆነ ጥርት ብሎ የሚታየው ገንዘብና ኮከብ ተጫዋች በሌለበት ቦታ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የእኛን ሙያ የሚነካ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ገለልተኝነት ስንማር ምሳሌዎቹ ሁልጊዜ ከፖለቲካ፣ ከምርጫና ከጦርነት የሚመጡ ናቸው። አንድ ዘጋቢ በፍቅር በተቀበለው ሕዝብ መካከል ሆኖ፣ ያ ሕዝብ መስማት የማይፈልገውን ነገር ሲያገኝ ምን ያድርግ? የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ አይነሳም። የሃይስኩል ፉትቦል ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መማሪያ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ስለ የትኛው ኳስ ነው የምናወራው?

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ እግር ኳስ የምንለውን አይደለም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በአብዛኛው የሚያዘውም በእጅ ነው። አስራ አንድ ለአስራ አንድ ሆነው፣ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ አድርገው ይጋጠማሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ አስር ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። በአጭሩ የመሬት ማስለቀቅ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። መጋጨትና መውደቅ የጨዋታው አካል እንጂ ጥፋት አይደለም።

ሳምንቱ እንኳ ተከፋፍሏል። ቅዳሜ የኮሌጆች ነው፣ እሁድ የፕሮፌሽናሎቹ ነው፣ ዓርብ ማታ ደግሞ የሃይስኩሎች ነው። ይሄ ልማድ ብቻ አይደለም። በ1961 የወጣው የስፖርት ስርጭት ሕግ፣ ትልቁ ሊግ በመከር ወራት ዓርብ ማታ የሃይስኩል ጨዋታ በሚካሄድበት አካባቢ ጨዋታውን በቴሌቪዥን እንዳያስተላልፍ የሚያደርግ አንቀጽ አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ፕሮፌሽናሎቹን የሚያይ ከሆነ የሰፈሩን ልጆች ለማየት ቲኬት ገዝቶ አይወጣም። የመገናኛ ብዙኃን ተማሪ ይሄን ማወቅ አለበት ብዬ አስባለሁ። የደጋፊ ታማኝነት ከልብ ብቻ የሚመነጭ ይመስለናል፤ ነገር ግን በሕግና በፕሮግራም ሰሌዳም ይጠበቃል።

ታማኝነቱ ከየት ይመጣል?

አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አርሴናልን ሲደግፍ መርጦ ነው። ቢፈልግ ነገ ቼልሲ ይሆናል (ጓደኞቹ ባይለቁትም)። የሃይስኩል ቲፎዞ ግን ብዙውን ጊዜ አይመርጥም። የትምህርት ወረዳው ድንበር የት እንደተሰመረ ነው የሚወስንለት። ከመንገዱ ወዲህ ከተወለደ ጥቁርና ነጭ ይለብሳል፤ ከመንገዱ ወዲያ ከሆነ ቀይ ይለብሳል። በቃ።

ከዚህ ሌላ ተጫዋቹ ሩቅ ያለ ሰው አይደለም። የጎረቤት ልጅ ነው፣ ትናንት ሣር ያጨደልህ፣ እናቱ ባንክ የምታስተናግድህ። ልጆቹ በሦስት በአራት ዓመት ተመርቀው ይወጣሉ፣ ሌሎች ይተካሉ፤ መለያው ግን ያው ነው። ስለዚህ አባት ለብሶት የነበረውን ቀለም ልጅ ይለብሰዋል፣ አያትም ከላይ ሆነው ያያሉ። በየዓመቱ በመከር የቀድሞ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤታቸው የሚመለሱበት ሳምንት አለ፤ የዚያ ሳምንት ማዕከሉ ጨዋታው ነው። ሜዳ ላይ ያሉት 22 ልጆች ቢሆኑም ማርሽ ባንዱ፣ ጨፋሪዎቹ፣ ምግብ ሻጮቹ፣ ቲኬት ቆራጮቹ ሁሉ የዚያው ትምህርት ቤት ቤተሰብ ናቸው። ልጁ የማይጫወት ወላጅ እንኳ ልጁ ጥሩንባ ስለሚነፋ ይመጣል።

ለዚህ ዓይነቱ ታማኝነት በምሳሌነት ከሚጠቀሱት ከተሞች አንዷ በኦሃዮ ግዛት ያለችው ማሲሎን ናት። የነዋሪዋ ብዛት ወደ 32,000 ቢሆን ነው። የትምህርት ቤቱ ስታዲየም ግን ከ16,000 ሰው በላይ ይይዛል። ስሙም ፖል ብራውን ይባላል፤ ከ1932 እስከ 1940 የሃይስኩሉን ቡድን አሰልጥኖ ኋላ በኮሌጅና በፕሮፌሽናል ደረጃ ትልቅ ስም ባተረፈው ሰው የተሰየመ ነው። በዚህች ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ወንድ ልጅ ሲወለድ የደጋፊዎች ማኅበር ትንሽ ኳስ ይሰጠው ነበር። ልብ በሉ፣ ልጁ ገና ዓይኑን በቅጡ አልገለጠም። እኛ ዘንድ ሕፃን ክርስትና ሲነሳ ወይም ስም ሲወጣለት ወደ አንድ ማኅበረሰብ እንደሚገባ ሁሉ፣ እዚያ ኳሱ እንደዚያ ያለ ነገር ይመስለኛል።

ታማኝነቱ በኪስም ይገለጻል። በቴክሳስ የአለን ከተማ ነዋሪ በድምፁ ባጸደቀው ቦንድ 60 ሚሊዮን ዶላር የፈጀና 18,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም በ2012 ተከፈተ። ለሃይስኩል ነው እንግዲህ። በ2014 ግን ኮንክሪቱ በመሰነጣጠቁ ተዘግቶ በ2015 ተጠግኖ ተከፈተ። ይሄን የምጠቅሰው ለማሾፍ አይደለም። ሰው ግብር ለመክፈል እጁን የሚያወጣበት ነገር ምን ያህል እንደሚወደው ስለሚያሳይ ነው።

ባላንጣ ለምን ጎረቤት ይሆናል?

ባላንጣነት ከሩቅ ሰው ጋር አይሆንም። ማሲሎን ዋና ባላንጣዋ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው የካንተን ከተማ ማኪንሊ ሃይስኩል ነው። ሁለቱ መጀመሪያ የተጫወቱት በ1894 ነው። ያን ጊዜ እኛ ገና ዓድዋ አልዘመትንም ነበር። በማሳቹሴትስ ግዛት ደግሞ ዌልስሊና ኒደም የሚባሉ ጎረቤታም ከተሞች ከ1882 ጀምሮ ይጋጠማሉ፤ ጨዋታቸውም በምስጋና ቀን በዓል ላይ ነው።

እኔ በተማርኩበት ከተማም ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሌላ ቀን በአንድ ሚኒባስ ተጠጋግተን የምንሄድ ልጆች የጨዋታ ዕለት በመንገዱ ግራና ቀኝ ተለያይተን ነበር የምንሄደው። የሚያለየን ነገር ቢፈለግ ከዩኒፎርሙ ቀለም በስተቀር ምንም አልነበረም። ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ሳስበው ግን መመሳሰላችን ራሱ ነበር ምክንያቱ። ከማይመስልህ ሰው ጋር መወዳደር አያስፈልግህም። ከሚመስልህ ጋር ግን "ታዲያ የቱ ይበልጣል?" የሚለው ጥያቄ አያስተኛም።

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁሩ ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 በኦክላሆማ ያደረገው ጥናት ይሄን በደንብ ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 12 የሆኑ 22 ወንዶች ልጆችን በበጋ ካምፕ ለሁለት ከፈላቸው። ልጆቹ ከአንድ ዓይነት ቤተሰብ የመጡ፣ አንድ ዓይነት ሃይማኖትና የኑሮ ደረጃ ያላቸው ነበሩ። አንዱ ቡድን ራሱን እባቦች፣ ሌላው ንስሮች ብሎ ሰየመ። ውድድር ሲጀመርና ሽልማት ሲቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስድብ፣ ባንዲራ ማቃጠል፣ የአንዱን ማደሪያ መበርበር መጣ። አብሮ መብላት ብቻ አላስታረቃቸውም፤ እንዲያውም ምግብ ተወራወሩ። ያቀራረባቸው የካምፑ ውሃ ሲቋረጥና መኪና አልነሳ ሲል አብረው መሥራት የግድ ሲሆንባቸው ነው።

ከዚህ ተነስቼ ባላንጣነት መጥፎ ነው ልል አይደለም። ማሲሎንና ማኪንሊ ከመቶ ዓመት በላይ የተጫወቱት እርስ በርስ ስለሚፈላለጉ ጭምር ነው። አንዱ ከሌለ የሌላው ታሪክ ግማሹ ይጠፋል። አደጋው የሚመጣው ከጨዋታው ጀርባ ሌላ ቁስል ሲኖር ነው። ወደ ቴክሳስ ስንሄድ የምናየው ይሄንን ነው።

"አሸነፍን" እና "ተሸነፉ"

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ስለ አንድ ትንሽ ቃል ላንሳ። ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በ1976 ያሳተሙት ጥናት በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች የተሠራ ነው። የፉትቦል ቡድናቸው ቅዳሜ ሲያሸንፍ ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤታቸውን ስም ወይም አርማ የያዘ ልብስ የሚለብሱ ተማሪዎች ቁጥር ይጨምራል። በስልክ ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ ደሞ ቡድኑ ካሸነፈ "እኛ" ማለት ይበዛል፤ ከተሸነፈ "እነሱ" ይሆናል። ማንም ሜዳ አልገባም፤ ግን ድሉ የጋራ፣ ሽንፈቱ የተጫዋቾቹ ሆነ ማለት ነው።

በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ስውር ነው። ግሱ ራሱ ባለቤቱን ስለሚይዝ "እኛ" ሳንል እንኳ "አገባን"፣ "በላናቸው"፣ "ሸወዱን" እንላለን። አንድ ፊደል ናት ዘጋቢውን ከወንበሩ አንስታ ቲፎዞ መካከል የምትከተው። በሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራም ላይ ይህችን ፊደል ተከታተሏት፤ መቼ እንደምትመጣና መቼ እንደምትጠፋ ብዙ ታስተምራለች።

በሃይስኩል ደረጃ ደግሞ የ"እነሱ" ትርጉም ይከብዳል። ፕሮፌሽናል ተጫዋች "እነሱ" ቢባል ደሞዙን ይዞ ቤቱ ይገባል። የ17 ዓመት ልጅ ግን ዓርብ ማታ "እነሱ" ተብሎ ሰኞ ጠዋት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከተማው መካከል ነው የሚገኘው።

ኦዴሳ 1988፦ ሸክሙ የማን ነው?

ኦዴሳ በምዕራብ ቴክሳስ ያለች የነዳጅ ከተማ ናት። በ1980ዎቹ ነዋሪዋ ወደ 90,000 ይሆን ነበር። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ የከተማዋም ኑሮ አብሮ ወደቀ። አልወድቅ ያለው አንድ ነገር የፐርሚያን ሃይስኩል ፉትቦል ቡድን ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1959 ተከፍቶ እስከ 1988 ድረስ የቴክሳስን ሻምፒዮንነት በ1965፣ በ1972፣ በ1980 እና በ1984 ወስዷል። የሚጫወትበት ራትሊፍ ስታዲየም በ1982 በ5.6 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ሲሆን ያኔ ከ19,000 ሰው በላይ ይይዝ ነበር።

በ1988 ኤች. ጂ. ቢሲንገር የተባለ ጋዜጠኛ ከፊላደልፊያ ቤተሰቡን ይዞ ኦዴሳ ገባ። ከዚያ በፊት በ1987 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በምርመራ ዘገባ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ከቡድኑ ጋር አሳለፈ። ልምምድ ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ መልበሻ ቤት፣ ሰው ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን አልቀረም። በ1990 ያሳተመው መጽሐፍ "ፍራይዴይ ናይት ላይትስ" (የዓርብ ማታ መብራቶች) ይባላል።

መጽሐፉ የሚያሳየን ታማኝነት እውነተኛ ነው። ሰው ለወቅት ቲኬት ወረፋ ይዞ ያድራል። ግን ደግሞ ዋጋውንም ያሳያል። ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ቢሲንገር እንደጻፈው በፐርሚያን ለወንዶች ስፖርተኞች የሕክምና ቁሳቁስ የወጣው 6,750 ዶላር ሲሆን፣ ለእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል የማስተማሪያ ቁሳቁስ የወጣው 5,040 ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን ቡድኑን በኪራይ አውሮፕላን ለማመላለስ ወደ 70,000 ዶላር ወጥቷል። አንድም ቅጽል ሳይጠቀም ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ብቻ በቂ ነበር።

ሁለተኛው የአንድ ልጅ ጉዳይ ነው። ቡቢ ማይልስ የቡድኑ ትልቁ ተስፋ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ጥቁር ልጅ ነበር። ትልልቅ ኮሌጆች ይፈልጉት ነበር። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር በወዳጅነት ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ። በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ ገባ፣ ቡድኑም ማሸነፉን ቀጠለ፣ ሕዝቡም አዲሱን ልጅ ማጨብጨብ ጀመረ። ቡቢ ዘመኑ ሳያልቅ ቡድኑን ለቀቀ። በመጽሐፉ ውስጥ አንዳንድ አዋቂዎች ስለዚህ ልጅ የተናገሩት የዘረኝነት ንግግር ሲነበብ ያማል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በስሙ ይጮሁ የነበሩት ያው ሰዎች ናቸው። የቡድኑ ታማኝ መሆንና የልጁ ታማኝ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እዚህ ላይ ነው የተረዳሁት።

ሦስተኛው የባላንጣነት ጉዳይ ነው። ከኦዴሳ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሚድላንድ የሚባል ከተማ አለ። ሁለቱም የሚኖሩት በነዳጅ ነው፤ ልዩነቱ ኦዴሳ ቁፋሮ ላይ የሚሠራው ላብ አደር የሚኖርባት፣ ሚድላንድ ደግሞ የኩባንያዎቹ ቢሮና ባለሀብቶቹ ያሉባት መሆኗ ነው። እንግዲህ ያኔ ፐርሚያን ከሚድላንድ ሊ ሃይስኩል ጋር ሲጫወት ይጫወት የነበረው ኳስ ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር ነበር። በ1988 ፐርሚያን 22 ለ21 ተሸነፈ። በአንድ ነጥብ። ያን ማታ በአሰልጣኙ በጋሪ ጌይንስ ቤት ደጃፍ ላይ "ቤቱ ይሸጣል" የሚል ምልክት ተተክሎ ተገኘ። ከተማ ልቀቅ ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፊልም ይመስላል። ፐርሚያን፣ ሚድላንድ ሊና ሚድላንድ ሃይስኩል እኩል ሆኑ፤ ወደ ጥሎ ማለፍ የሚገቡት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስቱ አሰልጣኞች በሌሊት አንድ የጭነት መኪኖች ማረፊያ ተገናኝተው ሳንቲም ወረወሩ። ዘውድ ወይስ ጎፈር! በቴሌቪዥንም በቀጥታ ተላለፈ። ሚድላንድ ሃይስኩል ወደቀ፣ ፐርሚያን አለፈ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ግን በዳላስ ካርተር ሃይስኩል 14 ለ9 ተሸነፈ።

የካርተርም ታሪክ ከዚህ አይሻልም። ቴክሳስ በ1984 ባወጣችው ሕግ አንድ ተማሪ በአንድ ትምህርት ከ70 በታች ካመጣ ለስድስት ሳምንት ከጨዋታ ይታገድ ነበር (ኋላ ላይ ሕጉ ላላ ብሏል)። የካርተር አንድ ተጫዋች የአልጀብራ ውጤት አከራካሪ ሆነና ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቡድኑ እየተከራከረ ተጫውቶ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1991 ግን ማዕረጉ ተነጥቆ ለሌላ ትምህርት ቤት ተሰጠ። አስቡት፤ የአንድ ልጅ የአልጀብራ ማርክ የሙሉ ከተማ ጉዳይ ሆነ። ልጁ አልጀብራ ተማረ ወይ? የሚለው ጥያቄ ግን በጩኸቱ መካከል ጠፋ።

ዘጋቢው የት ይቁም?

ቢሲንገር ወደ ኦዴሳ ሲሄድ ስፖርት አንዲትን ከተማ እንዴት እንደሚያስተሳስር ለመጻፍ አስቦ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ያገኘውን ግን ጻፈ። መጽሐፉ ሲወጣ ኦዴሳ ተቆጣች። "ቤታችን አስገብተን፣ ማዕዳችንን አካፍለን ከዳን" ነው ነገሩ። ዛቻ ስለመጣ መጽሐፉን ለማስተዋወቅ ወደ ከተማዋ ሊያደርግ የነበረው ጉዞ ተሰረዘ።

ከዚህ ጋር ላወዳድረው የምፈልገው "ጎ ታይገርስ!" የተባለውን የ2001 ዘጋቢ ፊልም ነው። የ1999 የማሲሎንን የውድድር ዘመን የሚከታተል ሲሆን፣ አዘጋጁ ኬኔት ካርልሰን የዚያችው ከተማ ልጅ ነው። በዚያ ዘመን ከተማዋ ለትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ግብር ለመክፈል ድምፅ ልትሰጥ ተዘጋጅታ ነበር፤ የቡድኑ ድልና የግብሩ ነገር ተያይዞ ይታያል። ፊልሙ በፍቅር የተሠራ ነው። ያም ሆኖ አንዳንድ ልጆች አካላቸው እስኪጠነክር ስምንተኛ ክፍልን ሆን ብለው እንደሚደግሙ ሳይደብቅ ያሳያል። ስለዚህ የከተማው ልጅ መሆን በራሱ ዓይን አያሳውርም፤ እንግዳ መሆንም በራሱ አያበራም።

የኦዴሳ ሰዎች ቅሬታ ግን መሬት የሌለው አይመስለኝም። አንድ የውድድር ዘመን ያየ ሰው የጻፈው መጽሐፍ የከተማዋ ቋሚ መታወቂያ ሆኖ ቀረ። በ2004 በወጣው ፊልም ላይ ደግሞ ካርተር ጋር የተደረገው ጨዋታ ፍጻሜ ሆኖ፣ በሌላ ከተማና በሌላ ውጤት ተቀርጿል። መጽሐፉን ያላነበበ ብዙ ሰው ዛሬም የሚያውቀው ያንን ነው። ቢሆንም ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ቢሲንገር መጻፉ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ምክንያቴም ይሄ ነው፦ ቲፎዞው ድምፅ ነበረው፣ ማኅበር ነበረው፣ 19,000 ወንበር ነበረው። ቡቢ ማይልስ ግን ከጉልበቱ በኋላ ማን ነበረው? ያንን ልጅ በጽሑፉ ውስጥ ያቆየው ዘጋቢው ነው። ደግሞም ጽፎ አልጠፋም፤ ከልጁ ጋር የነበረው ግንኙነት ለዓመታት ቀጥሎ በ2012 ስለ እሱ ሌላ አጭር መጽሐፍ አውጥቷል።

እኛ ጋዜጠኞች ሁልጊዜ ከዳር ቆመን ተመልካች ብቻ ነን ማለትም ትክክል አይደለም። በኦሃዮ ጥሎ ማለፍ የተጀመረው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ከ1947 ጀምሮ የግዛቱን ሻምፒዮን የሚለየው የጋዜጠኞች ድምፅ ነበር። ማሲሎን በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ አንደኛ ተብላለች፤ በሜዳ ጥሎ ማለፍ ተጫውታ ሻምፒዮን የሆነችው ግን ገና በ2023 ነው። ባላንጣዎቿ በዚህ ሲተርቧት ኖረዋል። በብዕር የተሰጠ ዋንጫ እንዲህ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎቹ የሚጠቅሙ አራት ነጥቦች አውጥቼ ጽሑፌን ልደምድም።

1ኛ. ደጋፊነትን አንናቅ። ሰው "እብድ ነው" ብሎ ማለፍ ዘገባ አይደለም። ድንበሩ፣ ግብሩ፣ ቤተሰቡ፣ የከተማው ኑሮ ሁሉ ከጀርባው አለ። የሚጠይቅ ያገኘዋል።

2ኛ. ባላንጣነት ስናይ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ቁስሉን እንፈልግ። 22 ለ21 የሚለው ቁጥር ሠራተኛውና አሠሪው የተቀያየሙበትን ነገር አይነግረንም።

3ኛ. ግሳችንን እንጠብቅ። "አሸነፍን" ያለ ዘጋቢ ቡድኑ ሲያጠፋ "አጠፋን" ለማለት ዝግጁ መሆን አለበት። ካልሆነ ሁለቱንም ይተው።

4ኛ. ተጫዋቹ ልጅ ከሆነ መጀመሪያ ልጅነቱን እንይ። እኛም አገር በትምህርት ቤቶች ውድድርና በታዳጊ ቡድኖች ላይ ገና ማይክ ይዘን እንወጣለን። የ16 ዓመት ልጅ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት ስሙን በርዕስ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ የሚከለክል የለም። ግን ሰኞ ጠዋት ክፍል የሚገባው እሱ ነው።

ጋሪ ጌይንስ ደጃፉ ላይ "ይሸጣል" በተተከለበት በዓመቱ፣ በ1989፣ ፐርሚያንን ሻምፒዮን አደረገ። ያኔ ምልክቱን የተከሉት ሰዎችም "አሸነፍን" ብለው ጨፍረዋል ብዬ እገምታለሁ። ዘጋቢ ማለት ሁለቱንም ማታ የሚያስታውስ ሰው ነው።